ከስታርትአፕ አክሲዮን ስንቱን መሸጥ፣ ስንቱን ማስቀረት

ከስድስት ዓመት በፊት 25,000 ዶላር ያስገቡበት ድርጅት አዲስ ዙር ገንዘብ ሰብስቦ «ግምታችን 200 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ» የሚል ኢሜይል ሲልክ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገና ይጨምራል ወይ?» ብሎ ነው። ይህን መስራቹም አያውቀውም፤ ትልልቆቹ ፈንዶችም በግምት ነው የሚገቡት። እርስዎ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ አንድ ወረቀት ከቤተሰብዎ ሀብት ስንት እጁን ይዟል? የሚሸጡት መጠን የሚወጣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በአሜሪካ ሕግ ለተቋቋመ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዴላዌር በተባለው ስቴት ለተመዘገበ ሲ ኮርፖሬሽን (ከባለቤቶቹ ተለይቶ ራሱ ታክስ ለሚከፍል ድርጅት) ከኪሳቸው ገንዘብ ላስገቡ ሰዎች የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ፋይሉን ያውጡና ያነብቡ። አራት ነገር ሊሆን ይችላል።

ሴፍ ከሆነና ገና ወደ አክሲዮን ካልተቀየረ፣ የሚሸጥ ነገር የለዎትም ማለት ይቀላል። ሴፍ የወደፊት አክሲዮን ውል ነው፤ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ አይተላለፍም፤ ገዢም አይገኝለትም። የመጀመሪያው ዋጋ የተቆረጠበት ዙር እስኪመጣ ይጠብቁ።

ከተቀየረ ደግሞ የቅድሚያ መብት ያለው አክሲዮን ይዘዋል ማለት ነው። ሠራተኛ ሆነው ያገኙት ከሆነ ግን ተራ አክሲዮን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ሦስተኛው፣ ለዚሁ ዓላማ ብቻ በተቋቋመ ማኅበር በኩል መግባት ነው። ከሃያ ሠላሳ ሰው ገንዘብ ተሰባስቦ አንድ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር) አክሲዮኑን ገዝቶልዎት ከሆነ የድርጅቱ መዝገብ ላይ ስምዎ የለም። መሸጥ የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ከትርፉም ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ይቆርጣል። ስሌትዎን ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይቀንሱ።

አራተኛው አሳሳቢው ነው፤ ጓደኛሞች እንደ ዕቁብ አዋጥተው በአንድ ሰው ስም የገቡበት። ዕቁብ ሲሆን ቀኑም ተራውም ይታወቃል፤ እዚህ ግን ሽያጩ ሲመጣ የታክስ ቅጹ የሚወጣው በዚያ በአንዱ ሰው ስም ነው፤ ሰውየው ቢፋታ ወይም ቢሞት ድርሻዎ ከንብረቱ ጋር ይቆጠራል። እንዲህ ከሆነ ስለ መሸጥ ከማሰብዎ በፊት ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ታክሱን ማን እንደሚከፍል፣ ለመሸጥ የስንት ሰው ስምምነት እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ አስፍረው ሁላችሁም ፈርሙ። ዋጋው ከፍ ካለ በኋላ ይህን ውል መጻፍ እጅግ ይከብዳል።

ኢሜይሉ ላይ ያለው ዋጋ የእርስዎ ዋጋ አይደለም

በ5 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ (ሴፉ ወደ አክሲዮን ሲቀየር የሚታሰብበት ከፍተኛው የድርጅቱ ግምት) 25,000 ዶላር ያስገባ ሰው 0.5 በመቶ አለው እንበል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ አራት ዙር ሰበሰበ፤ በሲድ 20፣ በሲሪዝ ኤ 20፣ በቢ 15፣ በሲ 15 በመቶ አዲስ ለመጡት ሰጠ። የእርስዎ ድርሻ 0.5 × 0.80 × 0.80 × 0.85 × 0.85 ሆኖ 0.2312 በመቶ ይደርሳል። ድርጅቱ በጠቅላላው 20 ሚሊዮን አክሲዮን ቢኖረው የእርስዎ 46,240 ነው። በአዲሱ ዙር የአንዱ ዋጋ 10 ዶላር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ 462,400 ዶላር አለዎት። ለሠራተኞች የሚጨመረውን አክሲዮን ስላልቆጠርን እውነተኛው ከዚህም ሊያንስ ይችላል።

ይህ ቁጥር ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። 10 ዶላር የከፈለው አዲሱ ፈንድ የገዛው ከእርስዎ የተለየ አክሲዮን ነው፤ ድርጅቱ በርካሽ ቢሸጥ ቀድሞ የሚወስድበት መብት ተያይዞለታል። ባለሙያዎቹ ሊኩዊዴሽን ፕሪፈረንስ የሚሉት ይኸው ነው። በምሳሌያችን ድርጅቱ እስካሁን 60 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል እንበል፤ ሁሉም ያስገባውን አንድ እጥፍ የማስመለስ መብት አለው። ነገሩ ተበላሽቶ ድርጅቱ በ45 ሚሊዮን ቢሸጥ፦

ሁሉም እኩል ደረጃ ካላቸው ለእያንዳንዱ ዶላር 75 ሳንቲም ይደርሳል። የእርስዎ ቅድሚያ ያስገቡት 25,000 ብቻ ስለሆነ 18,750 ዶላር ይዘው ይወጣሉ።

የሲሪዝ ሲ 30 ሚሊዮን ከሌሎቹ በፊት የሚከፈል ከሆነ ግን ለቀሩት 15 ሚሊዮን ብቻ ይተርፋል፤ እርስዎ 12,500 ያገኛሉ።

ተራ አክሲዮን የያዘው ሠራተኛ በሁለቱም መንገድ ምንም አያገኝም።

462,400 የነበረው 12,500 ሲሆን ማጭበርበር አልተፈጸመም፤ ሁሉም የተፈረመ ውል ነው። በ2018 የስፖርት ውርርድ ድርጅቱ ፋንዱል ከሌላው የውርርድ ድርጅት ከፓዲ ፓወር ቤትፌር የአሜሪካ ሥራ ጋር ሲቀላቀል ለድርጅቱ የተቆረጠለት ግምት 465 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቅድሚያ ያላቸው ባለሀብቶች የመጀመሪያውን 559 ሚሊዮን የመውሰድ መብት ስለነበራቸው ለመሥራቾቹ ምንም አልተረፈም፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ግምት ራሱም ይወርዳል። የአስቤዛ አድራሹ ድርጅት ኢንስታካርት በማርች 2021 በ39 ቢሊዮን ተገምቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2023 ለሕዝብ ሲሸጥ 10 ቢሊዮን ገደማ ነበር።

ይህን የሚያጣሩበት ሰነድ ሚስጥር አይደለም። ማንኛውም ሰው የዴላዌርን የድርጅቶች መዝገብ ቤት ከፍሎ የድርጅቱን ተሻሽሎ የወጣ የምሥረታ ሰነድ ቅጂ መጠየቅ ይችላል። ሰነዱ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ እያንዳንዱ ዙር በስንት ዋጋ እንደተሸጠ፣ ቅድሚያው አንድ እጥፍ ነው ወይስ ከዚያ በላይ፣ እና ማን ከማን በፊት እንደሚከፈል። አነስተኛ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ የሂሳብ ሪፖርት የማግኘት መብት ስለሌለው ይህ ሰነድ ከመስራቹ ኢሜይል ይልቅ ብዙ ይነግርዎታል።

ከዚያ በኋላ የራስዎን ዋጋ ይቁረጡ። ለምሳሌያችን ገዢ 7 ዶላር አቀረበ እንበል፤ 46,240 አክሲዮን 323,680 ዶላር ያወጣል። ከዚህ በኋላ የምናሰላው በዚህ ነው፤ 10 ዶላርን ይርሱት።

ስንቱን መሸጥ

ብዙ ሰው የሚከተለው ዘዴ «ዋናውን ላውጣ፣ ትርፉ ይጫወት» የሚለው ነው። ልብ ያሳርፋል፤ ግን መለኪያው የተሳሳተ ነው። በ7 ዶላር ዋናውን 25,000 ለማውጣት 3,571 አክሲዮን መሸጥ ይበቃል። 42,669 ይቀራል፤ ዋጋውም 298,683 ዶላር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያስገቡት ገንዘብ ዛሬ ስለሚያሰጋዎት ነገር ምንም አይናገርም።

ይልቁንስ ያለዎትን ይደምሩ፦ የጡረታ ሂሳብ፣ ቁጠባ፣ ሌላ አክሲዮን፣ ከቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ተቀንሶ የሚቀረው። አዲስ አበባ ቤት ካለ መኖሩን ይጻፉ እንጂ ድምሩ ውስጥ አያስገቡት፤ ሥራ ቢያጡ በሁለት ወር ውስጥ ዶላር ሆኖ አይደርስልዎትም። ድምሩ 600,000 ሆነ እንበል። ከአክሲዮኑ ጋር 923,680 ነው፤ አክሲዮኑ ብቻውን 35 በመቶ ያዘ።

ስንት በመቶ ይብዛ? ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። እኛ የምንከተለው ይህ ነው፤ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ አይንኩት፤ ወረቀቱና ኮሚሽኑ ራሱ አያዋጣም። ከ5 እስከ 20 ከሆነ ጥሩ ዋጋ ሲመጣ ይሽጡ፤ ባይመጣም ችግር የለም። ከ20 በላይ ከሆነ ገዢ ፈልገው ወደ 20 ወይም ወደ 15 ያውርዱት። ደመወዝዎ የሚመጣው ከዚያው ድርጅት ከሆነ እያንዳንዱን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ፤ ድርጅቱ ሲወድቅ ሥራውም አክሲዮኑም በአንድ ቀን ነው የሚሄደው።

በምሳሌያችን 20,000 አክሲዮን ይሽጡ፦

ከሽያጩ የሚገባ፦ 140,000
ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው መድረክ ኮሚሽን 5 በመቶ ቢሆን፦ 7,000
የተሸጡት አክሲዮኖች የተገዙበት ዋጋ፦ 10,813
ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ፦ 122,187
የፌዴራል ታክስ 18.8 በመቶ፦ 22,971
እጅዎ የሚገባ፦ 110,029

18.8 የሚሆነው ከአንድ ዓመት በላይ ለተያዘ ንብረት ያለው 15 በመቶና በጋራ የሚያስታውቁ ባለትዳሮች ገቢ ከ250,000 ሲያልፍ የሚጨመረው 3.8 በመቶ ተደምረው ነው። የስቴቱ ታክስ አልተቆጠረም፤ ቴክሳስ የሚኖር ሰው የገቢ ታክስ የለበትም፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ያለው ግን አለበት። ከሽያጩ በኋላ የቀረው 26,240 አክሲዮን 183,680 ያወጣል፤ ከጠቅላላ ሀብቱ ወደ 20.5 በመቶ። የተፈለገው ይኸው ነበር።

የአምስት ዓመቱ ሰዓት

ከመሸጥዎ በፊት አንድ ቀን ማወቅ አለብዎት፤ አክሲዮኑ በስምዎ የወጣበትን። የአሜሪካ የታክስ ሕግ አንቀጽ 1202 ብቁ ለሆነ የአነስተኛ ድርጅት አክሲዮን፣ በምህጻሩ ኪውኤስቢኤስ፣ ትልቅ ምሕረት አለው። አክሲዮኑን በቀጥታ ከድርጅቱ ከገዙ፣ ሲገዙ የድርጅቱ ጠቅላላ ንብረት ከ50 ሚሊዮን ዶላር ካልበለጠ፣ የሥራው ዓይነት ከተፈቀዱት ከሆነና ከአምስት ዓመት በላይ ከያዙት፣ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ያለው ትርፍ ከፌዴራል ታክስ ነጻ ነው። ከጁላይ 4፣ 2025 በኋላ ለተገኘ አክሲዮን ሕጉ ላልቷል፦ በሦስተኛው ዓመት 50፣ በአራተኛው 75፣ በአምስተኛው 100 በመቶ፤ የንብረቱ ጣሪያ 75 ሚሊዮን፣ የትርፉ ደግሞ 15 ሚሊዮን። ካሊፎርኒያ ይህን ምሕረት አይቀበልም።

በምሳሌያችን ገንዘቡ ከስድስት ዓመት በፊት ቢገባም ሴፉ አክሲዮን ከሆነ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም እንበል። በቁጥር ሲታይ፣ አምስት ዓመቱ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ከላይ ያለው ሰው 110,029 ሳይሆን 133,000 ይወስድ ነበር። ስለዚህ ሊሞላ ጥቂት ወር የቀረው ሰው ይህን ይጠይቅ፤ እስክጠብቅ ዋጋው ስንት ቢወርድ ነው የሚጎዳኝ? በዚህ ስሌት ዋጋው ከ7 ወደ 6 ዶላር ቢወርድ እንኳ ጠብቆ የሸጠው 114,000 ይዞ ይሄዳል፤ ዛሬ ከሚሸጠው ይበልጣል። ሚዛኑ የሚደፋው ከ5.79 በታች ሲሆን ነው። አራት ወር ከቀረ መጠበቅ ያዋጣል። ሁለት ዓመት ከቀረና አክሲዮኑ 35 በመቶ ሀብትዎን ከያዘ ግን ታክሱን ከፍለው መውጣቱ ይሻላል፤ 22,971 ዶላር ለመቆጠብ ሲባል 300,000 ዶላር ሁለት ዓመት ማንጠልጠል ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ሴፍ የፈረሙበት ቀንና አክሲዮን የሆነበት ቀን የተለያዩ ናቸው። ከሴፉ ቀን ይቆጠራል ብለው የሚከራከሩ የታክስ ባለሙያዎች አሉ፤ አስተማማኙ ግን የተቀየረበት ቀን ነው። ሁለተኛ፣ በተለያየ ጊዜ ከገዙ የትኛውን የምስክር ወረቀት እንደሚሸጡ በስምምነቱ ላይ በቁጥሩ ይግለጹ፤ አምስት ዓመት የሞላውን አስቀድመው ይሽጡ። ሦስተኛ፣ ገዢው ራሱ ድርጅቱ ከሆነ ይጠንቀቁ። ድርጅቱ አክሲዮን በሚያወጣበት ሰሞን ሌላውን መልሶ ከገዛ የርስዎም ሆነ የሌሎች ባለ አክሲዮኖች የታክስ ምሕረት ሊበላሽ ይችላል። አዲሱ ፈንድ በቀጥታ ከእርስዎ ቢገዛ ይህ ጣጣ አይመጣም።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ለመሸጥ የተገደደ ሰው፣ ከስድስት ወር በላይ ይዞት ከሆነ ገንዘቡን በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ብቁ ስታርትአፕ ላይ አስገብቶ ታክሱን ማዘግየት ይችላል። ሀብትን ለመበተን ብሎ ለሚሸጥ ግን ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

በሩ የሚከፈተው መቼ ነው

እንደ ሕዝብ ገበያ አክሲዮን በፈለጉ ቀን አይሸጥም። ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ድርጅቱ አዲስ ዙር ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ፈንዱ 15 በመቶ ፈልጎ ድርጅቱ 12 ብቻ ሊሰጠው ከፈለገ ልዩነቱን ከቀድሞ ባለ አክሲዮኖች ይገዛል። ይህ እንዲደርስዎት ግን መስራቹ መሸጥ እንደሚፈልጉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሦስት መስመር ይበቃል፤ ስንት አክሲዮን እንዳለዎት፣ እስከ ስንት እንደሚሸጡ፣ ቀሪውን ይዘው እንደሚቆዩ። «ቀሪውን እይዛለሁ» የሚለውን አይዝለሉት፤ መስራች የሚፈራው የሚሸጠው ሰው አንድ የሰማው ክፉ ነገር አለ ተብሎ እንዳይወራ ነው።

ሁለተኛው ድርጅቱ የሚያዘጋጀው ቴንደር ኦፈር፣ ማለትም ለባለ አክሲዮኖች በአንድ ጊዜ የሚቀርብ የግዢ ጥሪ ነው። በሕጉ ቢያንስ 20 የሥራ ቀን ክፍት መሆን አለበት፤ ስለዚህ «እስከ ነገ ወስን» የሚል ካለ ሌላ ነገር ነው። ከሚቀርበው በላይ ሻጭ ከመጣ ለሁሉም በተመጣጣኝ ይቀነሳል፤ 20,000 ለመሸጥ ያቀደ ሰው 11,000 ብቻ ሊቀበሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው እንደ ፎርጅ፣ ኢኩዊቲዜንና ሃይቭ ያሉ መድረኮች ናቸው። ገዢ የሚበዛው ስማቸው በገነነ ድርጅቶች ላይ ነው፤ 200 ሚሊዮን የተገመተ ድርጅት ላይ ብዙ ተስፋ አያድርጉ። ለሕዝብ ገበያ ይቀርባል ብሎ የሚጠብቅ ደግሞ ከመጀመሪያው የሽያጭ ቀን በኋላ በተለምዶ 180 ቀን መሸጥ እንደሚከለከል ይወቅ።

ከስምምነት እስከ ዝውውር

ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ጽሑፉ ለድርጅቱ ይላካል። ድርጅቱ በዚያው ዋጋ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤ ብዙ ጊዜ 30 ቀን። እሱ ካልፈለገ ትልልቆቹ ባለሀብቶች ተጨማሪ ቀናት ይኖራቸዋል። ሁለት ወር ያህል ይፈጃል ብለው ያስቡ፤ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበትን ክፍያ በዚህ ገንዘብ እከፍላለሁ ብለው ቀን አይቁረጡ።

ሽያጩ በብዛት የሚከሽፈው እዚህ ነው። የድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ ያለ ቦርድ ፈቃድ ዝውውር ይከለክል ይሆናል፤ ይህን ሳያዩ ከገዢ ጋር የተፈራረሙ ሰዎች በሁለት እሳት መሐል ይቀራሉ። ስለዚህ ደንቡን ከመደራደርዎ በፊት ያንብቡ። አንዳንድ ደላላ ፈቃዱን ለማምለጥ «አሁን ገንዘቡን ውሰድ፣ አክሲዮኑን ድርጅቱ ገበያ ሲወጣ ታስተላልፋለህ» የሚል ውል ያቀርባል። አይፈርሙ። ብዙ ድርጅቶች ይህንንም በግልጽ ይከለክላሉ፤ አክሲዮኑ ቢወድቅ ወይም ቢከፋፈል ክርክሩ የእርስዎ ነው።

ሌላም አለ። ገዢው የማያውቀውን ክፉ ዜና፣ ለምሳሌ ትልቁ ደንበኛ መልቀቁን፣ እያወቁ ቢሸጡ በግል ድርጅት አክሲዮንም ቢሆን በማታለል ሊከሰሱ ይችላሉ። ዕቅዱን ነገሩ ሰላም ሳለ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ማስቀመጥ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ «ከ20 በመቶ ሲያልፍ እሸጣለሁ» የሚለው ወረቀት ዜናው ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ መሆኑን ያሳያል። ያም ሆኖ ዜናውን ካወቁ በኋላ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ።

ገንዘቡ የሚላክበትን የባንክ መረጃ በኢሜይል ብቻ አይስጡ፤ በኢሜይል «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል ከመጣም አስቀድመው በሚያውቁት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ገንዘቡ በገባ ዕለት ደግሞ የታክሱን ድርሻ፣ በምሳሌያችን 22,971 ዶላርና የስቴቱን፣ ወደ ሌላ ሂሳብ ያዙሩት። የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ በፌብሩዋሪ የሸጠ ሰው እስከ ኤፕሪል 15 በግምት ካልከፈለ ቅጣት ሊመጣበት ይችላል። የዓመቱን ሂሳብ ሲያስታውቁ ሽያጩ በቅጽ 8949 ላይ ይገባል፤ የአምስት ዓመቱን ምሕረት የሚጠይቅ ሰው እዚያው ላይ «ኪው» የሚለውን ኮድ ያስገባል። የታክስ ሠራተኛዎ ይህን ኮድ ካላወቀው ሌላ ይፈልጉ።